ሥራ ሳያቋርጡ ከጫትና ከመጠጥ ሱስ መታከም ይቻላልን?

ጠያቂ፦ የጮቄ ነፋስ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች።

በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የግል ባንክ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ስሜንም የባንኩንም ስም ያልጻፍሁት ከተማችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ስለሆነች ነው፤ ከሆስፒታሉ ሐኪሞችና ነርሶች ብዙዎቹ ደመወዛቸውን የሚያወጡት ከእኔ ቅርንጫፍ ስለሆነ፣ ካርድ አውጥቼ በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ወረፋ ብይዝ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቴ እንደሚደርስ አልጠራጠርም።

ጫት መቃም የጀመርሁት ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ነበር፤ ዛሬ ግን ከሰዓት በኋላ ሳልቅም የብድር ፋይል መመርመርም ሆነ ሪፖርት መጻፍ አይሆንልኝም። ማታ ደግሞ ምርቃናው እንቅልፍ ስለሚከለክለኝ ለጨብሲ አረቄ እወስዳለሁ፣ አረቄ ከሌለ ቢራ። እንዲህም ሆኖ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ከማንም ቀድሜ ቢሮ እገኛለሁ፤ ከሥራ ቀርቼ አላውቅም፤ ቅርንጫፉ የተቀማጭ ዕቅዱን ያሳካል፤ ዲስትሪክቱም በየስብሰባው ያመሰግነኛል። በዚህ ምክንያት ባልንጀሮቼ «አንተ ምን ሱስ አለብህ» ይሉኛል። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ መጠጥ ስለምተውም ይህን እንደ ማስረጃ ይቆጥሩልኛል፤ በጾሙ ወራት ጫቱን እንደማበዛ ግን አያውቁም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌላ ነገር ተጨምሯል። የደንበኛ ፊት ማየት አስጠልቶኛል፤ ስልክ ሲጠራ ልቤ ይመታል፤ የምሠራው ሥራ ለአንድ ሰው እንኳ ይጠቅማል ብዬ ማሰብ ትቻለሁ። እሑድ ውዬ ተኝቼም ሰኞ ስነሣ ድካሙ እንዳለ ነው። ባለቤቴ ታውቃለች፤ ችላለች፤ ነገር ግን ልጆቹ እያደጉ ስለሆነ መቻሏ የት ድረስ እንደሚሄድ አላውቅም።

አንድ ዘመዴ አዲስ አበባ ሄደህ ተኝተህ ታከም ይለኛል፤ ነገር ግን ያን ያህል ጊዜ ከሥራ መለየት ማለት ለእኔ ወንበሩን መልቀቅ ማለት ነው። እየተመላለሱ የሚታከሙት ሕክምና ለእንደ እኔ ያለ ሰው ይሠራልን? ይሠራል ከተባለስ በእኛ አካባቢ ምን ይመስላል? ባንኩ የማወቅ መብት አለውን? የመንገዱ ነገር እንደምታውቁት ስለሆነ በየሳምንቱ ባሕር ዳር መመላለስ እንደማልችልም ግምት ውስጥ ይግባልኝ።


መልስ፦ ነጭ ጋዋን (የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

ወንድማችን፣ ጥያቄዎን እንዲህ ዘርዝረው ማቅረብዎ ለመልሱ መንገድ ከፍቷል። እየሠሩ መታከም ለብዙ ሰው ይቻላል፤ ለእርስዎ ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ግን የሥራ መደብዎ ወይም የዲስትሪክቱ ምስጋና ሳይሆን፣ መጠጡን ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነትዎ የሚሆነው ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ሁሉም ከመነጋገራችን በፊት ሁለት ነገር ይንገሩን፤ ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅዎ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቅዎት፣ ያቅለሸልሽዎት ነበርን? መጠጥ ባቆሙበት ጊዜ ራስዎን ስተው የወደቁበት ወይም የሌለ ነገር ያዩበት ወቅትስ አለን?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በየዕለቱ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንፈራገጥ የሚመጣ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከሁሉም የከፋው፣ ሰውየው ጊዜና ቦታ የሚጠፋበትና የሌለ ነገር የሚያይበት ሁኔታ ደግሞ በአብዛኛው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ይታያል። ይህ ሳይታከም ሲቀር ይገድላል። ከዚህ በፊት ተንፈራግጦ ወይም ተወናብዶ የሚያውቅ ሰው በምንም ዓይነት ቤቱ ሆኖ መጠጥ ማቆም የለበትም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ለጥቂት ቀናት መተኛት ነው። ዘመድዎ ያሉት ረጅም ቆይታና ይህ የጥቂት ቀን መኝታ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ልብ ይበሉ።

ይህ አደጋ የሌለበት ሰው፣ የማይጠጣ አንድ አዋቂ ሰው አብሮት ቤት ካለ፣ በእርስዎ ቤት ባለቤትዎ ማለት ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚያየው ባለሙያ ካገኘና ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለው በቤቱ ሆኖ ማቆም ይችላል። ሐኪሙ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በየቀኑ መጠኑ እየቀነሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲያልቅ አድርጎ ያዛል፤ ከእርሱም ጋር ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል፤ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ሰውነት በዚህ ቫይታሚን ሲራቆት አንጎል እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ላይ አደራ የምልዎት፣ ዳያዜፓሙን በራስዎ ገዝተው አይጀምሩ። ከአረቄ ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ለብቻው ሲወሰድም ራሱን የቻለ ሱስ ይሆናል። የጫትን ምርቃና ለመስበር በዚህ ክኒን የሚተኙ የተማሩ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ በማየው በኩል ከአረቄው ይልቅ ለማላቀቅ ያስቸገሩኝ እነርሱ ናቸው።

የጫቱ ነገር ሌላ ነው። ጫት ማቆም እንደ አልኮል ለሕይወት አያሰጋም፤ ሃራራው ግን የሚናቅ አይደለም። ለቀናት ከባድ እንቅልፍ፣ ቅዠት፣ መነጫነጭ፣ ምንም ነገር ለመሥራት አለመፈለግ ይመጣል፤ ይህ ድካም እርስዎ ከገለጹት የሥራ ዝለት ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው «ያለ ጫት ሰው አይደለሁም» ብሎ በዚህ ጊዜ ይመለሳል። ሃራራውን የሚያስወግድ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ያለው ሕክምና የምክርና የባሕርይ ሕክምና ነው። የእርስዎ ዋናው ቋጠሮ ጫቱና አረቄው እርስ በርስ መደጋገፋቸው ስለሆነ፣ አረቄውን ብቻ አቁመው ጫቱን ቢቀጥሉ እንቅልፍ ማጣቱ ወደ አረቄው ይመልስዎታል፤ ሁዳዴ ሲወጣም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ዕቅድ ውስጥ ይግቡ። ሁለቱ በአንድ ቀን ይቁሙ ማለቴ ግን አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ከሚያይዎት ባለሙያ ጋር ትወስናላችሁ።

እየተመላለሱ መታከም ምን ይመስላል ላሉት፣ በአሜሪካ አሠራር ጠንከር ያለው የተመላላሽ ሕክምና በሳምንት በድምሩ ከ9 እስከ 19 ሰዓት የሚደርስ የቡድንና የግል ውይይት ያለው ሲሆን፣ ታካሚው ማታ ማታ ወይም ጠዋት ገብቶ የቀረውን ቀን ሥራው ላይ ይውላል። በእኛ አካባቢ ያለው በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የሚሰጠው የአእምሮ ሕክምና የተመላላሽ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን ከቁርጥራጭ መሥራት ግድ ይላል። የምመክረው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ለብቻው ረዘም ያለ ጊዜ ይያዝለት። በእርሱም ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት የመጠጥ መመዘኛ ይሞላል፤ ከ40 የሚታሰብ ሲሆን 8ና ከዚያ በላይ አደገኛ አጠጣጥን፣ 20ና ከዚያ በላይ ሰውነት በመጠጥ ላይ ጥገኛ ሳይሆን እንዳልቀረ ያመለክታል። አደራ፣ ሲመልሱ አረቄን አያሳንሱት። ጥንካሬዋ 40 በመቶ የሆነ አረቄ 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ መለኪያ ስትቀዳ፣ አንዷ መለኪያ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር የሚቀራረብ ንጹሕ አልኮል ትይዛለች፤ «ሦስት መለኪያ ብቻ» የሚል ሰው ሦስት ቢራ ጠጥቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየሁለት ሳምንቱ የምክር ቀጠሮ ይያዛል። የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሱ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በየፋርማሲው ላይገኙ ስለሚችሉ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት መኖራቸውን ይጠይቁ። እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነም አይደብቁ፤ ናልትሬክሶን ከእርሱ ጋር አይስማማም።

ስለ ሥራ ዝለቱ በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ነገር ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል እንጂ በበሽታነት አልመዘገበውም፤ መገለጫዎቹም አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና መጥላት፣ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት ናቸው። ሦስቱንም እርስዎ ጽፈዋቸዋል። ነገር ግን ድባቴም፣ መጠጥም፣ የጫት ሃራራም ይህንኑ መልክ ስለሚይዙ፣ መጠጡ ከቆመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና መመዘን ይገባል። ከመኖር መሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ቅርብዎ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።


መልስ፦ የሰከላው ሽማግሌ (ሰከላ)

ልጄ ሆይ፣ ባለሙያዋ የተናገረችውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሰው ሥጋ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ በግሽ ዓባይ ጸበል ተጠምቀው ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል የተማሩና ሹመት የነበራቸው ይገኛሉ። ከከተማው ርቆ፣ ስልክ ዘግቶ፣ በጾምና በጸሎት መሰንበት ራሱ ፈውስ ነው። ለንስሐ አባትህ ንገራቸውና የዓመት ፈቃድህን ይዘህ ና። ለሥራ ባልደረቦችህ ጸበል ሄድሁ ብትል ማንም አይታዘብህም።


መልስ፦ ነጭ ጋዋን

አባታችን ያሉት የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ጸበል መሄድ በእኛ አገር ሰው ሳይሸማቀቅ ከከተማ የሚለይበት የተከበረ መንገድ ነው። የምፈራው ጊዜውን ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው መጠጡን ትቶ በዚያው ዕለት ባዶ ሆዱን በብርድ ቦታ ቢሰነብት፣ ከላይ የዘረዘርሁት አደጋ ከሆስፒታል ርቆ ባለበት ይደርስበታል፤ መንፈራገጡንም ሌላ ነገር አድርጎ የሚተረጉመው ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ ያ ሳምንት በሕክምና ይለፍ፤ ከዚያ በኋላ ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ የታዘዘው መድኃኒት ግን አብሮ ይሂድ።


መልስ፦ በላይ ዘመዴ (አዲስ አበባ፣ ትውልዴ ቢቸና)

እኔ ከባለሙያዋ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ታናሽ ወንድሜ መሐንዲስ ነው፤ እንደ እርስዎ በሥራው የተመሰገነ ነበር። እየተመላለሰ እንዲታከም ተደረገ፤ ጠዋት ምክሩን ሰምቶ ከሰዓት በኋላ በዚያው በርጫ ቤት፣ ከእነዚያው ጓደኞቹ ጋር ይቀመጥ ነበር። የተለወጠው አዲስ አበባ መጥቶ ተኝቶ ሲታከም ነው። አማኑኤልም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ የሱስ ሕክምና ያላቸው ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብልህ ስለሆነ ሐኪሙንም ያታልላል፤ ሲፈልግ ደህና መስሎ ይቀርባል። ወንበሩን የሚፈራ ሰው ወንበሩንም ጤናውንም ሊያጣ ይችላል፤ ይህን የምለው በክፋት አይደለም።


መልስ፦ የጣና ዳር መምህርት (ባሕር ዳር)

ወንድሜ በላይ ዘመዴ ስለ ማታለሉ የተናገሩት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ለሁሉም ሰው መተኛት ነው ብዬ አላምንም። እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ፤ እየተመላለስሁ ነው የታከምሁት። ሴት ስለሆንሁ መጠጥ ቤት አልቀመጥም ነበር፤ ልጆቹ ሲተኙ የፈተና ወረቀት እያረምሁ ቤቴ ውስጥ ነበር የምጠጣው፤ ስለዚህ ያየ የለም፤ ያመሰገነኝ ግን ብዙ ነው። ተኝተሽ ታከሚ ብባል ኖሮ እስከ ዛሬም ባልሄድሁ ነበር፤ ለልጆቹ ምን ይባላል፣ ለትምህርት ክፍሉ ምን ይባላል እያልሁ።

የተመላላሹ ሕክምና ለእኔ የሠራው ሐኪሟ መጠጤን ብቻ ሳይሆን የሳምንት ፕሮግራሜን ጭምር በወረቀት ላይ ካስዘረጋችኝ በኋላ ነው። ከመደበኛው ክፍል ሌላ የቅዳሜና እሑድ የተከታታይ ትምህርት ክፍል፣ ከዚያም ላይ የማማከር ሥራ ይዤ ነበር። የምጠጣባቸው ምሽቶች ሲታዩ ከእነዚህ ቀናት ጋር አንድ ሆኑ። የቅዳሜና እሑዱን ክፍል እስክተው ድረስ ቀጠሮ በሄድሁ ቁጥር ደህና ነኝ እያልሁ፣ በሳምንቱ መጨረሻ እመለስበት ነበር። ባለሙያዋ ስለ ዝለቱ በአጭሩ አልፋዋለች፤ እኔ ግን በዚህ ነገር ላይ ረዘም ብዬ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም እንደ እኛ ያለ ሰው የሚጠጣውና የሚቅመው ለደስታ ሳይሆን አንድ ሰው የማይችለውን ሥራ ለመቻል ነው። ሥራው እንዳለ ቀርቶ መጠጡና ጫቱ ብቻ ቢወገዱ፣ የተሸከሙት ሸክም ያለ ምርኩዝ ይቀራል።

ስለዚህ ለጠያቂው የማቀርበው ሐሳብ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚያስቅምዎትን ሥራ ለይተው ይወቁት። እኔ እንደሚገባኝ የብድር ፋይልና ሪፖርት ቁጭ ብሎ ማሰብ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ እርሱን ጭንቅላት ትኩስ በሆነበት በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ አድርገው፣ የደንበኛውን ጉዳይ ምክትልዎ እስከ 5 ሰዓት እንዲይዘው ማድረግ አይቻልምን? ብዙ የቅርንጫፍ ኃላፊ ምክትል እያለው ሁሉን ፊርማ ለራሱ ያደርጋል፤ ይህ ትጋት ይመስላል። ስልኩም እንዲሁ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ዲስትሪክቱ በቴሌግራም የሚጠይቀው ቁጥር ጠዋት ቢመለስ ባንኩ አይፈርስም።

ሌላው የማኅበራዊ ኑሯችን ነገር ነው። በማኅበሩ፣ በሰንበቴው፣ በሠርጉ ጠላውና አረቄው ሲቀርብ «አልጠጣም» ማለት ከአስተናጋጁ ጋር መጣላት ይመስላል። እኔ የጨጓራ መድኃኒት እየወሰድሁ ነው ብዬ አለፍሁ፤ ማንም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ለእርስዎ ግን ከባዱ የበርጫው ጓደኝነት ይሆናል፤ ምክንያቱም በእኛ ከተሞች የንግድ ወሬም፣ የብድር ጥያቄም፣ የሹመት ወሬም እዚያው ነው የሚያልፈው። ያን ሰዓት በሌላ ነገር የማይሞሉት ከሆነ ምክሩ ሁሉ ይበናል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሐኪሜ በስልክ ታነጋግረኝ ነበር፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚያቀርብልዎ ባለሙያ ጥቂት ነው።


መልስ፦ አንቀጽ (የሕግ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም)

የሥራውን ጉዳይ ላስረዳ። የግል ባንክ ሠራተኛ በአጠቃላይ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል፤ አዋጁ ግን «የሥራ መሪ» የሚባሉትን ስለማይመለከት፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነትዎ በዚህ ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። በዚህ አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ለእርስዎ ጉዳይ ዋናው ነገር ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ የቀጠሮ ቀናትን ብቻ እየለዩ መውሰድ ይችላሉ። አዋጁ የሚመለከትዎ ከሆነ፣ ተኝተው መታከም ቢያስፈልግም እንኳ በዚህ ፈቃድ ውስጥ ይሸፈናል፤ ወንበሩ በአንድ ወር የሚጠፋ ነገር አይደለም። የድርጅትዎ የኅብረት ስምምነት ከዚህ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል እርሱንም ያንብቡ።

ማስረጃው ከታወቀ የሕክምና ተቋም የሚሰጥ መሆን አለበት፤ መቅረትዎንም በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ ይጠበቅብዎታል። በማስረጃው ላይ ስንት ቀን ዕረፍት እንደሚያስፈልግ መገለጹ ዋናው ስለሆነ፣ የሕመሙ ዓይነት በጥቅል አገላለጽ እንዲጻፍልዎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለበትም። ሐኪምም ሆነ ነርስ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በወንጀል ሕጋችን የሚያስጠይቅ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት በአዋጁ የተከለከለ ተግባር ነው። ሕጉ የታመመውን ይጠብቃል፤ በእጁ ላይ የባንክ ቁልፍ ይዞ ጠጥቶ የተገኘውን ግን በዚያ ዓይን አያየውም። ስለዚህ በፈቃድዎ ቀድመው መሄድዎ ለጤናዎ ብቻ ሳይሆን ለሕግም ይበጃል።


መልስ፦ የጮቄ ነፋስ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ከሰከላ፣ ምክርዎን በልቤ ይዣለሁ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ እመጣለሁ።

ለባለሙያዋ ጥያቄ መልሴ ይኸውና። ራሴን ስቼ ወድቄ አላውቅም፤ የሌለ ነገርም አላየሁም። ነገር ግን ሁዳዴ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ፊርማዬ ተበላሽቶ ቼክ የመለስሁበት ቀን ነበር፤ ሌሊቱንም በላብ እነቃለሁ። እኔ ይህን የጾሙ ድካም ነው ብዬ ነበር የማልፈው። መምህርቷ ያነሡትን የፊርማ ነገር ለባለቤቴ ሳነብላት ሳቀች፤ እኔስ ስንት ጊዜ ነገርሁህ አለችኝ። ምክትሌ ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሚከለክለኝ ነገር የለም፤ ልማዴ ብቻ ነው።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ይህ መንቀጥቀጥ ካለ በቤቴ ሆኜ ማቆም እችላለሁን? ደግሞስ የት ልጀምር፤ ሰኔ የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ቢሆን ምን ይመስላችኋል?


መልስ፦ ነጭ ጋዋን

መንቀጥቀጡና የሌሊቱ ላብ ሰውነትዎ መጠጡን እንደለመደ ያሳያሉ። ወድቀው የማያውቁ መሆንዎ መልካም ነው፤ ሆኖም ለዘንድሮው ዋስትና አይሆንም፤ ምክንያቱም ማቆምና መመለስ በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለው ማቆም ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ በቤትዎ ሆነው ማቆም የሚችሉት ሐኪም ካየዎት፣ መድኃኒቱን ካዘዘልዎትና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚከታተልዎት ሰው ከተገኘ ነው። ከቀጠሮው በፊት በራስዎ ውሳኔ በአንድ ቀን አያቁሙ፤ ይህን ከሐኪም አፍ መስማት እንግዳ ነገር ሊመስልዎ ይችላል፤ ግን በምክንያት ነው።

በላይ ዘመዴ ያሉትንም እዚህ ላይ እመልሳለሁ። ወንድማቸው በተመላላሹ ሕክምና ያልዳኑት ከሰዓት በኋላቸው ሳይለወጥ ስለቀረ ይመስለኛል፤ ይህ ነገር በእርስዎም ላይ ከታየ፣ ማለትም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ቀጠሮ ከቀሩ ወይም መጠጡ ከተመለሰ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያስኬድ የሪፈር ወረቀት ይጻፋል። ይህን ከሐኪሙና ከባለቤትዎ ጋር ከወዲሁ ተስማሙበት፤ በዚያን ጊዜ ክርክር አይነሣም።

ቦታውን በተመለከተ፣ በከተማዎ መታየቱ የሚያሳፍርዎት ከሆነ የመጀመሪያውን ምርመራ ባሕር ዳር መጥተው ያድርጉት፤ ለአንድ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ቀን ከተገኘ ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ክትትል ግን በአቅራቢያዎ ማድረግ ይሻላል፤ ሌሊት ነገሩ ቢከፋ የሚደርሱበት ድንገተኛ ክፍል ቅርብ መሆን አለበት። የደብረ ማርቆሱ ባለሙያ ምናልባት ደንበኛዎ ይሆናል፤ እርሱም ቢሆን የሂሳቡን ነገር እርስዎ እንደሚያውቁበትና ለማንም እንደማይናገሩበት ያውቃል።

ሰኔን ይለፍ የሚሉትን አልቀበልም። ሰኔ ሲያልፍ የሐምሌ ሪፖርት፣ ከዚያም የመስከረም ዕቅድ ይመጣል፤ በዚያ ላይ የመዝጊያው ወር ጫቱም አረቄውም የሚበዙበት ነው። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይውሰዱና ምክትልዎ ይፈርም። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሲሄዱ ባለቤትዎ አብረው ይምጡ፤ በቤት ውስጥ ያለውን ማንኛውንም ክኒን፣ የጨጓራም ሆነ የእንቅልፍ፣ በእሽጉ ይዘው ይቅረቡ፤ ቁርስዎን በልተው ይሂዱ፤ የመጨረሻውን መጠጥ ስንት ሰዓት ላይ እንደወሰዱም በትክክል ለሐኪሙ ይንገሩ።